ሀያቱ ልዋጭና የሰብለ የልደት ግጥሞች

ሀያቱ መጀመሪያ ግቢያችን የገባው መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ይመስለኛል፣ በ1984። ሳፋ ሙሉ አዲስ ሳህንና ብርጭቆ ተሸክሞ፣ ከሸማ ተራ ጀርባ «ልዋጭ! ያረጀ ልብስ፣ ያረጀ ድስት፣ ልዋጭ!» እያለ ይዞራል። ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነበር። እኔ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ የነጠላ ጫፍ እቋጫለሁ፣ እሱ አሮጌውን ወስዶ አዲስ ይሰጣል። እንዲሁ ተላመድን።

አንድ ጠባይ አለው። የሰጡትን ዕቃ በሰጪው ፊት ከፍቶ አያይም። ሌሎቹ ልዋጮች ኪስ ሳይቀር ይበረብራሉ፤ እሱ ግን «እትዬ እታገኝ፣ አምኖ የሰጠኝን ሰው ፊቱ ላይ መፈተሽ ነውር ነው» ይለኛል።

ያን ዓመት ልጄ ሰብለ ወንጌል ሰባት ሞላት። ኬክ ከየት ይመጣል! ድፎ ጋገርኩ፣ ፋንዲሻ አፈነዳሁ፣ ጣሳ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ ጧፍ ተከልኩ። የምሰጣት ነገር ግን የለኝም። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ስለ ቤታችን ዕቃ ግጥም ጻፍኩላት። ሀያቱ ሲያልፍ ጠርቼው ዳቦ ቆረስኩለት፤ ሳነብም ቆሞ ሰማ፦

ፋኖሳችን አርጅቶ ብርጭቆው ተሰንጥቆ፣
ያንቺን ፊት ለማየት ይበራል ተጨንቆ።

«እትዬ፣ ሰብልዬን በልዋጭ ይስጡኝ! ሁለት ሳፋ፣ ማንቆርቆሪያም እመርቃለሁ» አለ። ልጅቷ ደንግጣ ቀሚሴ ሥር ገባች።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ አንድ ግጥም ሆነ። ስለ ጣሳው፣ እግሩ ስለተሰበረው በርጩማ፣ ስለ አባቷ ራዲዮ። ሀያቱም ቀኑን አይስትም፣ ለዳቦው ይመጣል። አሥራ አራት ሲሞላት አንብቤላት ስጨርስ «እማዬ በቃ፣ ታሳፍሪኛለሽ» አለችኝና በስምንት ግጥም ቆመ። ግጥሞቹን የጻፍኩበትን ደብተር የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከክሬ ሥር አኖርኩት።

በ2004 የሰብለ ልጅ አንድ ዓመት ልትደፍን ሦስት ቀን ሲቀራት፣ እነዚያን ግጥሞች ለልጅ ልጄ ላነብላት ቆርቆሮውን ብፈልግ የለም።

«ያ የዛገው? ለሀያቱ ሰጠሁታ! ይኸው ሰማያዊውን ሳፋ አመጣልኝ» አለች ሰብለ። «ክር ብቻ መስሎኝ እኮ ነው፣ እማዬ!»

ነጠላዬን አነሳሁ። እሷው ደግፋኝ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሄድን። ሀያቱ እዚያው ነበር፣ ጢሙ አሁን ሸብቷል። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ዐመድ መሰለ። እጄን ይዞ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ዘንድ ወሰደኝ። ቆርቆሮው ተቆርጦ የከሰል ምድጃ ሆኗል።

«ደብተሩስ?» አልኩት።

«እሳት አያያዝኩበት እናቴ። አሮጌ ወረቀት ነው ብዬ» አለ ቀጥቃጩ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሀያቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አንድ ቀን ከፍቼ ባየው ምን ነበረበት! ነውር ነው ስል ጉድ ሠራሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ «ማንበብ አልችልም፤ የሰማሁት ግን አለ» አለና ጀመረ፦

ሳፋዬ ዞሮ ዞሮ ጠርዙ ተሰንጥቆ፣
ያንቺን ፊት ለማየት ቤት ይገባል ናፍቆ።

«ሀያቱ፣ የኔ እንዲህ አይልም። ሳፋ ከየት መጣ?»

አፈረ። «ለልጄ ለሰልሰቢል ነው እትዬ። እኛ ቤት ልደት አይከበርም፣ እኔም የተወለድኩበትን ቀን አላውቀው። ከእርስዎ የሰማሁትን ለሷ ስላት ነው ያደገችው። ፋኖስ የለንም፣ የራሴን ዕቃ አስገባሁበት።»

«ግጥምሽንም ለውጦታል እማዬ!» አለች ሰብለ። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

በልደቱ ዕለት ሀያቱ ሰልሰቢልን ይዞ መጣ፣ ደርሳ ቆንጆ ልጅ ሆናለች። እሱ ሲል፣ ሰልሰቢል ስታርመው፣ ሰብለ ጻፈች። አምስት አገኘን። ሦስቱ እንደጠፉ ቀሩ፤ የራዲዮው አንዱ ነው፣ እሱ ይቆጨኛል።

ዳቦው ሲቆረስ የቱን ላንብብ ብዬ አመነታሁ። የፋኖሱን ልል ነበር። ሕፃኗ ግን ፋኖስ አይታ አታውቅም። ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ተቀምጣ ጠርዙን በማንኪያ ትደበድባለች። የሀያቱን አነበብኩላት።