ምልክት የተደረገበት ካታሎግ

ቦንጋ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር በነበርኩባቸው ዓመታት ከደመወዜ የምትተርፈው ሁሉ የምትሄደው ሥዕል ወዳለባቸው አሮጌ መጻሕፍት ነበር። ወፍም ይሁን ቅጠል፣ የሰው ፊትም ይሁን፣ በጥሩ ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ካየሁ አላልፍም። በእኛ አገር ዝናብ ወረቀት ቶሎ ስለሚሻግት ግን ደህና መጽሐፍ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

አንድ ባልደረባዬ ሺሺንዳ ከተማ ውስጥ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ መጻሕፍት እንደሚሸጡ ነገረኝ። ሰውየው በደርግ ጊዜ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ለስብሰባ አዲስ አበባ በሄዱ ቁጥር የሥዕል ኤግዚቢሽን ሳያዩ አይመለሱም፤ ሲመለሱም ካታሎጉን ይዘው ነው። ሴትዮዋ መጻሕፍቱን ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ደርድረው ከሻጋታ አትርፈዋቸዋል። ሁሉም ጭስ ጭስ ይሸታሉ።

“እየመጣህ አንድ አንድ ውሰድ” አሉኝ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን። “ሁሉንም ባንዴ አልሰጥህም። ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል።”

በሦስተኛው ጉዞዬ አንድ የደርግ ዘመን ካታሎግ ገዛሁ። ጊዜው የ1997ቱ ምርጫ ካወዛገበ በኋላ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ወደ ቦንጋ ስመለስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ለፍተሻ ቆመና ሁላችንም ወረድን። አንድ ፖሊስ ቦርሳዬን ከፍቶ ካታሎጉን አወጣ። የገለጠው ገጽ ላይ ጠመንጃ ያነገቱ ገበሬዎች ከቀይ ባንዲራ ሥር ቆመዋል።

“ይሄ የምን ድርጅት ነው?”

“ድርጅት አይደለም። የሥዕል ካታሎግ ነው።”

ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደ። እዚያ የስም ዝርዝር አለ። ሟቹ ሥራቸውን በወደዱላቸው ሰዎች ስም ላይ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርገዋል።

“እነዚህ እነማን ናቸው?”

“ሠዓሊዎች ናቸው።”

“ታዲያ ሰባቱ ላይ ብቻ ለምን ምልክት ተደረገ?”

“አላውቅም። ያደረግሁት እኔ አይደለሁም።”

“ማነው ያደረገው?”

ፖሊሱ ሾፌሩን ሂድ አለው። አውቶቡሱ እኔን ትቶ ሄደ።

ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ወሰዱኝ። ጃኬት የለበሰ ሲቪል ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። አልጮኸብኝም። ወንበር አሳየኝና ካታሎጉን ከፊቱ አድርጎ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ጀመረ። ሥዕሎቹን ሁሉ አየ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ ማን ይነግራት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ጅማ፣ መንገድ ላይ፣ ከማላውቀው ነጋዴ ገዛሁት እላለሁ። በልቤ ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ።

“ከማን ገዛኸው?” አለ ቀና ብሎ።

አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። ሺሺንዳ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት አልኩት። ሳይጠይቀኝ የሟቹን የድሮ ሥራ ሁሉ ጨመርኩለት። እሱ ጻፈ። ካታሎጉን አስቀርቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቀቀኝ።

ከዚያ በኋላ ባጃጅ በራችን ላይ በቆመ ቁጥር በመስኮቱ አጮልቄ አያለሁ። ያሉኝን መጻሕፍት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ አልጋ ሥር ደበቅሁ። የበለጠ የፈራሁት ግን የሺሺንዳውን ወሬ ነበር። ከዚያ የመጣ ሰው ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

“ሄደህ ሴትዮዋን ጠይቃቸው እንጂ” አለችኝ ባለቤቴ።

“ይከታተሉኝ ይሆናል” አልኳት። እውነቱ ግን የፈራሁት የሴትዮዋን ዓይን ነው።

የቡና ለቀማው አልፎ ልጃችን ከተወለደች በኋላ ሄድኩ። ሴትዮዋ በራቸው ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁ። ቆጡ ባዶ ነው።

“ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር” አሉኝ። “አዩ፣ ጠየቁኝ፣ ሄዱ። ምንም አልወሰዱም። ተመልሰው ይመጣሉ ብዬ ስፈራ እኔው አቃጠልኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ቶሎ አይነድም።”

“እትዬ፣ እርስዎን የጠቆምኩት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ” አሉ ዓይናቸውን ከበርበሬው ሳያነሡ። “ካንተ ሌላ ከኔ ማን ገዝቶ ያውቃል?”

ቀና ብለው “መቱህ እንዴ?” አሉኝ።

አዎ ለማለት በጣም ተመኘሁ። ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

“የለም” አልኩ። “አልነኩኝም። ጠየቁኝ ብቻ።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀምጬ አብሬያቸው በርበሬ ቀነጠስኩ። አውቶቡሱ ጡሩንባውን ሲነፋ ጣቶቼ እየነደዱ ተነሣሁ።

“ሕፃኗን ይዘሃት ና” አሉኝ።

ወሰድኳት። ከዚያም ወዲህ ቦንጋን እስክለቅ ድረስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ስለ መጻሕፍት ግን ሁለታችንም አንስተን አናውቅም።