ያልተሰቀለው መጋረጃ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ዴዝመንድ ያንን የመስታወት ክፍል ከቤቱ ጀርባ ሲያስለጥፍ ‹‹ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም›› ብያለሁ። በኛ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሽየር ፀሐይ ብቅ የምትለው እንደ እንግዳ ነው። እሱ ግን ግድግዳውን ሁሉ መስታወት አደረገው፤ ሲሞቅ ሰው የሚቀቀልበት፣ ሲበርድ ጥርስ የሚንቀጫቀጭበት። ከአውቶብስ ነጂነት በጡረታ ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ አፈሰሰበት፣ ከዚያ ሁለት የሸምበቆ ወንበር አስገብቶ ተጎለተበት። አንዱ የሱ ነው፣ አንዱ የሚስቱ የኖሪን።

ኖሪን ጎረቤቴ ናት። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ ስታስነጥስ ‹‹ይማርሽ›› የምላት እኔ ነኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታለች፤ እጇ ሥራ አይፈራም፣ ምላሷም ሰው አይፈራም። ዴዝመንድን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጋረጃ።

‹‹ዴዝ፣ ሲመሽ እኮ መስታወቱ ጥቁር ይሆናል። ውጭ ያለው ሁሉ ያየናል፣ እኛ የምናየው ራሳችንን ነው። ይቀፈኛል።››

‹‹እኔ የከፈልኩት ለመስታወት ነው እንጂ ለጨርቅ ነው እንዴ? ደግሞ ማን ያይሻል? የጓሮው ጃርት?››

‹‹ጃርቱ ካንተ ይሻላል! ቢያንስ ብርዱን ሙሉ ተኝቶ ዝም ይላል!››

በዚህች ተኳረፉ። የነሱ ኩርፊያ ደግሞ ሰፈር ያወቀው ነው። ስድብ የለም፣ የሚሰበር ሳህን የለም፤ ዝም ነው። ሌላ ጊዜ አሥር ሰዓት ላይ ‹‹ዴዝ፣ ሻይህ!›› ስትል በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ስታኮርፍ ግን ስኒውን አጠገቡ አስቀምጣ ሳትናገር ትመለሳለች። እሱም ቀና አይልም። ሁለት እልኸኞች!

በኅዳር ወር ውስጥ አንድ ቀን እንዲሁ ስኒውን አስቀምጣለት ተመለሰች። ቀና አላለም። ‹‹ኩራቱ!›› ብላ ሳሎን ገብታ ሹራቧን መሥራት ያዘች። ሲጨላልም መብራት ልታበራለት ገባች። ጀርባው ወደሷ ስለነበር ፊቱን ያየችው በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ነው። ዓይኑ እንደተከፈተ ነበር። ሻዩ አልተነካም። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ፤ ስኒውን ስታስቀምጥለት ነፍሱ ትኑር አትኑር የሚያውቅ የለም። ሞቶ ተቀምጦ ሳለ ያኮረፈ መስሏት! ይህን ያኔ ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እኔም የሰማሁት ኋላ ነው።

ቀብሩ ባለፈ ማግሥት ገበያ ሄዳ ወፍራም የጥጥ ጨርቅና ገበር ተሸክማ መጣች። ‹‹መጋረጃ ልሰፋ ነው›› አለችኝ። እሰይ፣ እጇ ሥራ ከያዘ ሐዘኑ ይቀላታል ብዬ መሰላል ይዤ ሄድኩ። እያንዳንዱን መስታወት ለብቻው ለካን፤ ሲያዩዋቸው እኩል ይመስላሉ፣ ሲለኩ ግን አይገናኙም። እሷ ጨርቁን ከገበሩ ጋር ገጥማ በመኪና ትሰፋለች፣ አግድም በሰፋችው ኪስ ውስጥ ቀጫጭን እንጨት ትሰገስጋለች፣ ከኋላው ትናንሽ ቀለበት ደርድራ ገመድ ታሳልፍበታለች። ገመዱን ሲስቡት መጋረጃው እየታጠፈ ወደ ላይ ይሰበሰባል። እኔ ከላይ በብሎን አስራለሁ። ሥራዋ ያምር ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ። ብርሃኑ ደከም ማለት ሲጀምር መቀሷን ጥላ ከመስታወቱ ክፍል ትወጣና በሩን ትዘጋዋለች።

አንድ ቀን ሥራው አጓጉቶኝ መሰላል ላይ እያለሁ መሸ።

‹‹ውረጂ ቤሪል፣ ነገ እንጨርሰዋለን።››

‹‹አንድ ብሎን ነው የቀረኝ አንቺ ሴትዮ! ምን ያጣድፍሻል?››

ብሎኑን እያጠበቅኩ ገና ያልተሸፈነውን መስታወት አየት አደረግኩ። መብራቱ አለ። ኖሪን አለች። እኔም መሰላሉ ላይ አለሁ። ወንበሩ ላይ ደግሞ ሰው ተቀምጧል። ዞር ብዬ ወንበሩን አየሁት፤ ባዶ ነው፣ ትራሱ ብቻ። ወደ መስታወቱ ስመለስ ዴዝመንድ ቡናማ ሹራቡን ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ ብሏል። ክው አልኩ። ካቻቪቴው ከእጄ አምልጦ ወደቀ።

‹‹አየሽው?›› አለች ኖሪን። ‹‹ልጄ ስነግራት አእምሮሽን ስተሻል ትለኛለች። ቤቱን ሽጠሽ አረጋውያን ቤት ግቢ እያለችኝ ነው። በማርያም፣ አየሽው ወይስ አላየሽውም?››

‹‹አይቼዋለሁ። አሁን ሻይ አፍዪልኝ።››

ወጥ ቤት ተቀምጠን እሱ የሞተበትን ቀን ነገር ሁሉ ነገረችኝ። ‹‹አያናግረኝም ቤሪል። ቀና ብሎም አያየኝም። እንዳኮረፈ ነው የሄደው። አንዱን መስታወት ስሸፍንበት ቀጥሎ ባለው ይመጣል። ሁሉንም ከሸፈንኩት መምጫ ያጣል፤ ያኔ እሱም ያርፋል፣ እኔም እዚሁ ቤቴ አርፌ እኖራለሁ።››

እውነት ለመናገር እኔም የፈለግኩት ቶሎ እንዲሸፈን ነው። አንድ በአንድ ሰቀልናቸው፤ በሩ ጎን ያለችው ጠባቧ መስታወት ብቻ ቀረች። የሷም መጋረጃ ተሰፍቶ፣ ካውያ ተመቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የዚያን ዕለት ግን ዝናቡ ሰማዩን አጠቆረውና ሳናስበው ጨለመ።

በጠባቧ መስታወት ውስጥ ቆሟል። መቀመጫ ቦታ የለማ! ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ መሬት መሬት ያያል።

‹‹ስጪኝ ጨርቁን፣ ልስቀለውና ይገላግለን›› አልኳት።

ኖሪን መጋረጃውን አንሥታ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ብዙ አየችው። ‹‹ካፖርት ለብሷል›› አለች ቀስ ብላ። ‹‹በርዶታል እንዴ?›› ከዚያ መጋረጃውን እኔ እጅ ላይ ጥላልኝ ወጥ ቤት ገባች። ከሱ ጋር ብቻዬን! ዓይኔን ጨፍኜ በልጅነቴ የተማርኩትን ጸሎት ሁሉ አነበነብኩት።

ስኒ ይዛ ተመለሰችና ከወንበሩ አጠገብ አስቀመጠችው። ኩርፊያ ሲሰነብት እንደ ዝገት አፍ ያጣብቃል።

‹‹ዴዝ›› አለች በመጨረሻ፣ ግድግዳ በሚያልፈው በዚያ በድሮው ድምፅዋ፤ ‹‹ሻይህ!››

ቀና አለ። እኔን አላየኝም፣ እሷን ነው ያየው። ወዲያው መስታወቱ ውስጥ ሁለት አሮጊቶችና አንድ መብራት ብቻ ቀሩ።

ልጇ ስትመጣ መጋረጃዎቹን አድንቃ፣ ‹‹እማዬ ተሽሏታል›› ብላ ሄደች። የቤት ሽያጩ ወሬም ቀረ። ኖሪን ግን ከዚያ ወዲህ ያን ሁሉ በለፋችበት መጋረጃ አንድ ምሽት እንኳ መስታወቱን ሸፍና አታውቅም። ሰው ሁሉ ቤቱን በሚዘጋበት ሰዓት የእያንዳንዱን ገመድ ስባ ትሰበስበውና ጥቁሩ መስታወት ፊት ትቀመጣለች። ‹‹ዴዝ፣ ሻይህ!›› ስትል በየቀኑ እሰማለሁ። የሚመጣ የለም። ያቺን ያልተሰቀለችውን መጋረጃ ለኔ ሰጥታኝ ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ሰቅያታለሁ፤ ሳይመሽ ነው የማወርዳት።

ባለፈው ሳምንት አመሻሹ ላይ ገብቼ አጠገቧ ቆምኩ። ሁለታችንም መስታወቱን እናያለን። ባዶ ነው።

‹‹ምነው ባላናገርኩት ኖሮ›› አለችኝ። ‹‹ኩርፊያው ነበር እኮ ያቆየልኝ ቤሪል። ትንሽ ብታገሥ ምን ነበረበት?››

የቀዘቀዘውን ስኒ ከወንበሩ አጠገብ አነሣሁና ሄጄ አጠብኩት።