በሃሎዊን ቡሄ የጨፈርኩባቸው ዓመታት

የልጅ ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሃሎዊን፣ ልጆች ጭንብልና የተለየ ልብስ አድርገው በየደጁ ለሚዞሩበት የፈረንጆች ምሽት፣ ያወጣኋት አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ስለነበረባት፣ "አባዬ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ብቻ ያዙሩልኝ፤ በር ታንኳኳለች፣ ከረሜላ ይሰጧታል፣ በቃ" ብላኝ ሄደች።

ከአገሬ ወጥቼ ሞንትቤሎ የሚባለው የልጄ ሰፈር ከገባሁ ገና ሦስት ወሬ ነበር። እንግሊዝኛዬ "ሃሎ" እና "ኖ ፕሮብሌም" ብቻ ነበር፤ ፕሮብሌም ሲኖርም ሁለተኛውን እል ነበር።

ማንኳኳቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ሳይጨፍሩ መቀበሉ ነው። ጉለሌ ልጅ ሳለን በቡሄ ዕለት ሙልሙል ዳቦ በነጻ አይገኝም። ዱላችንን መሬት ላይ እየወቃን፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ፣ የቤቱ እመቤት እስክትወጣ ጉሮሯችን ይሰነጠቃል። ዳቦውን ስንቀበልም ቤቱን መርቀን ነው የምንሄደው። ዝም ብሎ እጁን የሚዘረጋ ለማኝ ነው። የእኔ የልጅ ልጅ ለማኝ ልትሆን? የመጥረጊያውን እንጨት ነቅዬ ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው በር ተከፈተ። የንብ ልብስ የለበሰችው የልጅ ልጄ ከረሜላዋን ሳትጠይቅ እኔ ሲሚንቶውን እየወቃሁ ማውጣት ጀመርኩ። ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። ሰባ የተጠጋ ሽማግሌ፣ ኮትና ክራባት፣ በእጁ እንጨት። በዚያ መንደር ጭንብል ሳያደርግ የሚያስፈራ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጅቷ ግን ነሐሴ ላይ ለቡሄ ሳስጠናት የሰነበትኩትን አልረሳችም፤ በየመሃሉ "ሆ" እያለች ተቀበለችኝ። ሴትዮዋ ሳቀች፤ ከረሜላውን በእፍኝ ሰጠች። እኔም መረቅኋት።

"ምን አሏት፣ አባባ?"

"እግዜር ቤትሽን ይሙላው አልኳት።"

"በምን?"

"በከረሜላ።"

ብዙ ዓመት እንዲህ ዞርን። ሰፈሩ ለመደን፤ ካሜራ ይዘው የሚጠብቁንም ነበሩ። ሌላውን ቀን ሁሉ ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ዕቃ ነኝ። በዚያች ምሽት ግን አውጪ ነበርኩ፣ ተቀባይም ነበረችኝ። ዓመቱን ሙሉ የምጠብቃት ያቺን ምሽት ብቻ ነበር።

እያደር፣ ልጆች መጥተው እንዲያንኳኩ የደጁን መብራት የሚያበራው ቤት አነሰ። ወላጆች ልጆቻቸውን በመኪና ሞል እየወሰዱ በየሱቁ ማዞር ጀመሩ። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው ከረሜላ የሚያድሉም መጡ። ለመኪና ኋላ ምን ተብሎ ይጨፈራል?

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ ጓደኞቿ ሊመጡ ሲሉ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"አባባ፣ ፕሊስ፣ ዘንድሮ አይዝፈኑ። ኢምባራሲንግ ነው።"

"ድምፄ ነው እንጨቱ?"

"ሁለቱም።"

"ኮቱስ?"

"ኮቱ ኦኬ ነው።"

ኮቴ እንኳ ተረፈ ብዬ ሳቅሁ። ያን ዓመት ከልጆቹ ሃያ እርምጃ ርቄ፣ አፌን ዘግቼ ተከተልኳቸው። በር ይከፈታል፣ ይቀበላሉ፣ ይሮጣሉ። ማንም ማንንም አይመርቅም። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ከበሯ ላይ አየችኝና በባዶ እጇ እንጨት እንደያዘ ሰው አየሩን ወቃች፤ ዘንድሮስ ማለቷ ነው። "ኖ ፕሮብሌም" አልኳት።

በሚቀጥለው ዓመት የጓደኛዋ እናት ልጆቹን ኦሮራ ከተማ ወዳለ ሞል ልትወስዳቸው መጣች። የልጅ ልጄ በመስኮት መኪናውን አየች፣ እኔን አየች፣ የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አሰረች። ኮቴን ለብሼ ነበር። ምን ልትለኝ እንደተቸገረች ስላወቅሁ ቀደምኳት።

"ልጄ፣ ዘንድሮ ጉልበቴን አሞኛል። መሄድ አልችልም።"

ፊቷ በራ። ወዲያው ደስ ማለቷ አሳፈራትና ፊቴ ተንበረከከች።

"የትኛው ነው?"

እሱን አላሰብኩበትም ነበር።

"ግራው" አልኳት።

ግራ ጉልበቴን በሁለት እጇ ቶሎ ቶሎ አሸችልኝ። መኪናው ክላክስ ሲያደርግ ሳመችኝና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ቀን በመጣች ቁጥር፣ ከትምህርት ቤት ስትገባ እያነከስኩ እጠብቃታለሁ። አንዳንዱ ዓመት በግራ ነው፣ አንዳንዱ በቀኝ። እስካሁን አላወቀችብኝም።