ከፑሚስና ከአመድ የሠራነው ቅብ

የባንክ ሥራዬን ለቅቄ ሸክላ መሥራት ስጀምር አባቴ ለሦስት ወር ያህል ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላወራኝም። ጡረታ የወጣ የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ የአዳማን ግማሽ ሕዝብ ያስተማረ ይመስለኛል።

ግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገብቼ ስኒና ሳህን እሠራ ነበር። ሸክላ ላይ ተቀብቶ ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨውን ቅብ፣ ግሌዝ የሚባለውን፣ ከውጭ የሚያመጣልኝ አንድ ነጋዴ ነበር። አንድ ቀን ስደውልለት፣ "እህቴ፣ ከእንግዲህ አላስመጣም፤ ሌላ ሰው ፈልጊ" አለኝ።

ሌላ ሰው አልነበረም። ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አላውቅም።

የማውቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የእንጨት አመድ በኃይለኛ እሳት አብረው እንደሚቀልጡ ብቻ ነው። ድንጋዩ እዚሁ ሞልቷል፤ ብሎኬት የሚሠራበት ነጩ ፑሚስ። ብሎኬት አምራቾች ጋ ሄጄ አንድ ጆንያ ጠየቅኩ።

"ቤት ልትሠሪ ነው?" አለኝ አንዱ።

"ስኒ ልሠራበት ነው።"

ሳቀብኝ፤ ጆንያውን ባጃጅ ላይ የጫነልኝም እሱ ነው። አመዱን በባሕር ዛፍ ከሚጋግር ዳቦ ቤት አገኘሁ።

ፑሚሱን በሙቀጫ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁ። አመዱን ደግሞ በባዶ እጄ ከውኃ ጋር አሸሁት። በማግስቱ ምሳ ስንበላ አባቴ የተላጡ ጣቶቼን አየ።

"ምን ነካሽ?"

"አመድ ሳጥብ ነው።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "የኔ ልጅ ሆነሽ አመድ ውኃ ሲነካው እንደሚያቃጥል አታውቂም? ጓንት የለሽም?"

ተቆጥቶ ነበር። ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ግን የመጀመሪያው ነው። ከምሳ በኋላ ከዘራውን ይዞ ተከትሎኝ ወደ ክፍሏ ገባ።

እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እኔ እመዝናለሁ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል። የመጀመሪያው ቅብ ቀልጦ ፈሰሰና ስኒውን ከምድጃው መደርደሪያ ጋር አጣበቀው፤ በመሮ ፈልፍዬ አነሳሁት። ሁለተኛው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረ። በሦስተኛው መሃል መብራት ጠፋ። ተስፋ ቆርጬ ሁሉንም ነገር ልለዋውጥ ስል፣ "አንዱን ብቻ ቀይሪ። ሁለት ከቀየርሽ የቱ እንደሠራ በምን ታውቂያለሽ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርን ሞከርን።

አንድ ቀን ምድጃውን ስከፍት ስኒዎቹ እንደ ሐይቅ ውኃ አረንጓዴ ሆነው ጠበቁኝ። ጮህኩ። አባቴ ስኒውን አገላብጦ አየና፣ "ሎሚ አምጪ" አለ።

የሎሚ ቁራጭ ስኒው ውስጥ አስቀምጠን አደርን። ጠዋት ሎሚው የነካው ቦታ ገርጥቷል።

"ሲያዩት ያምራል፤ ግን አሲድ ያሟሟዋል፤ ቅቡ ከመጠጡ ጋር ስለሚቀላቀል ሰው አይጠጣበትም" አለ።

ቢሾፍቱ ውስጥ ካፌ ያላት አንዲት ሴት ስኒ አዝዛኝ እየጠበቀች ነበር። "አባዬ፣ ብንሸጠውስ ማን ያውቃል?" አልኩት፤ ዛሬም አፍርበታለሁ።

"አንቺ።"

ደወልኩላትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። "እጠብቃለሁ፤ ደንበኞቼን እንዳትመርዢብኝ ብቻ" አለች።

አመዱን ቀነስን፣ ነጭ ሸክላ አፈር ጨመርን፣ እሳቱን አስረዘምን። አረንጓዴው ጠፍቶ እንደ ማር ያለ ቡኒ መጣ። ሎሚውን ሦስት ጊዜ ደጋገምንበት፤ አልገረጣም። በኮምጣጤም ሞከርነው፤ ያው ነው።

ስኒዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ስደረድር አባቴ ኮቱን ለብሶ መጣ። ሚኒባስ ውስጥ ካርቶኑን ለረዳቱ አልሰጥም ብሎ እስከ ቢሾፍቱ ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር በሁለት እጁ እቅፍ ያደርገዋል።