የዛፍ ልብስ

በዚያ የቡጋንዳ መንደር የዘካሊያ ሉቦዋን መዶሻ የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ደንቆሮ ነው፣ ወይ ትናንት ማታ ከማሳካ ከተማ የመጣ ነው። ጤዛው ሳይረግፍ ቱክ ቱክ ቱክ ይጀምራል። ሴቶቹ ማቶኬ የሚሉትን አረንጓዴ ሙዝ በቅጠሉ ጠቅልለው የሚጥዱት ሁለተኛውን መዶሻ ሲያነሳ ነው። እሱን ራስ ምታት ከያዘው የመንደሩ ምሳ ይዘገያል፤ ባሎች ሁሉ በእሱ ራስ ምታት ይነጫነጫሉ።

ሥራው የልጥ ልብስ ነው። ሙቱባ የሚሉትን የሾላ ዘመድ ከላይ እስከ ታች ይገፍና ልጡን በእንፋሎት ያለሰልሰዋል። ከዚያ ዳሱ ሥር በተጋደመው ግንድ ላይ አንጥፎ፣ መጀመሪያ ጥርሱ ሰፋ ባለው መዶሻ፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ በመጨረሻ በደቃቁ ይቀጠቅጠዋል። ክንድ የማይሞላው ልጥ ሰፍቶ ሰፍቶ አልጋ ያለብሳል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እንደ ሸክላ ይቀላል። የተገፈፈውን ዛፍ ብርድ እንዳይመታው በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ያስረዋል፤ ዛፉም በዓመቱ አዲስ ልጥ አብቅሎ ይጠብቀዋል። በቡጋንዳ ያለ ልጥ ልብስ የሚቀበር ሰው የለም። "ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ" የሚለውን የእኛን ተረት ለዚያ አገር ሰው ብትነግሩት፣ ተረት መሆኑ አይገባውም፤ "ማን ሞተ?" ብሎ ነው የሚጠይቃችሁ።

ዘካሊያ አፉም እንደ እጁ ሥራ አይፈታም። እሁድ ኮረብታው ላይ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ምሰሶው ሥር ይቀመጣል፣ ስብከቱ ሲጀመር ይተኛል። ቄሱ ሲቆጡት፣ "ስድስት ቀን ሲጮህበት የዋለ ጆሮ በሰባተኛው ማረፍ የለበትም?" ይላቸዋል። ቀልዱ ግን ውስጡን አይነካውም። አንዱ መዝሙር ያወጣል፣ አንዱ መጽሐፍ ያነባል፣ አንዱ ሲጸልይ ጣራው ይንቀጠቀጣል። እሱ ለእግዚአብሔር ምን አለው? ሦስት መዶሻ። ይሄን ሲያስብ ሆድ ይብሰዋል፤ ለማንም ግን ተናግሮ አያውቅም።

ነገሩ የመጣው ከሚስቱ ከኬዚያ ነው። መንታ የወለዱ ናቸውና እሷ "የመንታዎቹ አባት" እንጂ ዘካሊያ ብላው አታውቅም። ኬዚያ በቅርቡ መንገድ ዳር የተተከለው የፓስተር ካቴንዴ ድንኳን መሄድ ጀምራለች፤ እዚያ እንኳን መተኛት፣ መቀመጥም ጭንቅ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ዳሱ አጠገብ መጥታ ተንበረከከች። እንደ አስተዳደጓ ባሏን ተንበርክካ ነው የምታናግረው። ተንበርክካ የምትሰድበውን ስድብ ግን ቆማ የምትሳደብ ሴት አትደርስበትም።

"እንዴት አደሩ፣ የመንታዎቹ አባት።"

"ደህና። ምን አጠፋሁ?"

"ያጠፉትን እግዚአብሔር ይቁጠረው። ፓስተር ትናንት ምን አለ መሰለዎት? የልጥ ልብስ የመናፍስት ልብስ ነው አለ። ጠንቋዩ ምን ይለብሳል? የልጥ ልብስ። ጎጆውን በምን ይጋርዳል? በልጥ ልብስ። የፊታችን እሁድ ድንኳኑ ደጅ እሳት ይነዳል፤ ሰው ሁሉ የጨለማ ዕቃውን ያመጣል።"

"እኔ የጨለማ ዕቃ ያለኝ ፋኖስ ብቻ ነው። እሱም አንቺ ዘንድ ነው።"

"ይቀልዱ፣ ይቀልዱ። እኔ ስለ መዶሻዎቹ ነው የማወራው።"

"ቤተ ክርስቲያን መሠዊያው ላይ የተነጠፈውም እኮ የኔው እጅ ሥራ ነው።"

"ለዚህ ነዋ ሰዉ ሁሉ የሚተኛው።"

እሷ ብድግ ብላ ጉልበቷን አራግፋ ሄደች፤ እሱ መዶሻውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። አምና አንድ የታወቀ ጠንቋይ መጥቶ የመረጠውን ልብስ ይዞ ሄዷል። ዘካሊያም ለቀባሪም፣ ለጠንቋይም፣ ለመጣ ሁሉ ሲሸጥ "ለምን ፈለግኸው?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም። አሁን ፍርሃት ገባው። ዕድሜውን ሙሉ ለእግዚአብሔር ምንም አለመሥራቱ ሲያንገበግበው ኖሮ፣ ጭራሽ ለሰይጣን ሲሠራ ኖሮ ይሆን? የዚያን ቀን ኬዚያ ማቶኬውን በኦቾሎኒ ወጥ አቀረበችለት፤ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ተነሳ። ዘካሊያ የኦቾሎኒ ወጥ ትቶ ሲነሳ ኬዚያንም አላማራትም።

ማክሰኞ ፓስተር ካቴንዴ ራሱ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ሊጣላ የመጣ አይመስልም፣ አልመጣምም። ጫማውን አውልቆ ግንዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አባቴ፣" አለ፣ "የእርስዎን እጅ እግዚአብሔር ይፈልገዋል። ድንኳን ውስጥ የሚያገለግል ሰው ቸግሮናል። ወንበር የሚደረድር፣ እንግዳ የሚያስቀምጥ። የእግዚአብሔርን ሥራ ይሥሩ እንጂ።"

የእግዚአብሔር ሥራ። ዘካሊያን በዚያ ዕድሜው እንዲህ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ወንበር መደርደርም ቢሆን አገልግሎት ነው፤ ደረት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ሳይቀር አለው ተብሏል። ቀስ ብሎ መዶሻዎቹን አንድ በአንድ ጆንያ ውስጥ ከተተና አፉን አስሮ በር ሥር አስቀመጠው። ኬዚያ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ያለቀላቸውን ልብሶች በሙሉ ለእሁዱ እሳት ይሁን ብላ በራሷ ተሸክማ ድንኳኑ አደረሰቻቸው። አንድ እንኳ አላስቀረችም። እኔ ብሆን አንድ አስቀር ነበር፤ ሽማግሌ አባት ያላት የቡጋንዳ ሴት ቤቷን ከልጥ ልብስ ባዶ አታደርግም። እሷ ግን በደስታዋ ይሄን ረሳችው።

ረቡዕ መንደሩ ጭር አለ። ምሳ ዘገየ። ዘካሊያ ዳሱ ሥር ተቀምጦ እጆቹን አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ ብብቱ ውስጥ ያደርጋቸዋል፤ የት እንደሚያስቀምጣቸው ጠፋው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ነጂ አቧራውን እያቦነነ ደርሶ መርዶውን ነገራቸው፤ የኬዚያ አባት ሽማግሌው ኤራስቶ ሞተዋል፤ ቀብሩ ቅዳሜ ነው።

ኬዚያ አለቀሰች። ስታለቅስ ቆይታ ድንገት ዓይኗ በር ሥር ያለው ጆንያ ላይ አረፈ፤ ምን ትዝ እንዳላት ዘካሊያ ወዲያው ገባው። አማች ለአማቱ የልጥ ልብስ ይዞ ይሄዳል። ባዶ እጁን የሄደ አማች ሚስቱን ከነጎሳዋ አዋረደ ማለት ነው። ልጥ ቀጥቃጭ የሆነ አማች ደግሞ ከሌላ ሰው ገዝቶ ቢሄድ ዕድሜ ልኩን ይሳቅበታል። ኬዚያ መጥታ ተንበረከከች፤ የዚያን ዕለት አንገቷን ቀና ማድረግ አቃታት።

"የመንታዎቹ አባት። ያ ጆንያ..."

"የትኛው ጆንያ? ለእሳቱ የታሰረው?"

"ይፈታ።"

"የሰይጣኑ መዶሻ?"

ሊቀጥል ነበር፤ ይሄን የመሰለ ዕድል በትዳሩ ዘመን አግኝቶ አያውቅም። ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱ አፉ ውስጥ ቀረ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ስሚኝ፣ ኬዚያ። አሁን አልቀልድም። አባትሽ አይወዱኝም ነበር። አንቺን ልጠይቅ ስሄድ ያሉኝን ታውቂያለሽ፤ 'ዛፍ ለሚገፍፍ ሰው ልጄን አልሰጥም፣ ነገ እሷን ይገፍፋታል።' እኔም አልወዳቸውም ነበር። ግን ይሄ ልብስ የመናፍስት ከሆነ፣ ልጠላቸው እችላለሁ እንጂ እሱን አልብሼ ወደ እግዚአብሔር አልልካቸውም። ያን ያህል አልጠላኋቸውም።"

ኬዚያ ቀና ብላ አየችው። ልትለምነው የመጣችው ቀልደኛ ሰው ሳይሆን፣ የፈራ ሰው ነው ፊቷ የተቀመጠው። በእርሷ ቃል ነው የፈራው።

"እኔ ምን ላውቅ፣" አለች በመጨረሻ። "ፓስተር ነው ያለው።"

"ፓስተር ያለውን ሰማሁ። መጽሐፉስ የሞተ ሰው ምን ይልበስ ይላል? አንቺ አንባቢ ነሽ።"

መጽሐፍ ቅዱሷን አምጥታ ገለጠች። ለቅሶ ላይ ሌላ የሚያነቡት የለምና የጌታን መቀበር አገኘች። ዮሴፍ የሚባለው ባለጠጋ ሄዶ ሥጋውን እንደለመነ፣ በፍታ እንደገዛ፣ እንደገነዘው፣ በዓለት መቃብር እንዳኖረው አነበበችለት። ዘካሊያ እንደ ልማዱ አልተኛም፤ እጁን አንስቶ አስቆማት።

"በፍታውን ገዛ?"

"ገዛ ይላል።"

"ከማን?"

"አይልም።"

"ማን ሠራው?"

"የመንታዎቹ አባት፣ አይልም አልኩዎት እኮ።"

"እንዴት አይልም? አንድ ሰው ሠርቶታል። በፍታ ዛፍ ላይ አይበቅልም፤ የኔም በዛፍ ላይ ልብስ ሆኖ አይበቅልም። አንድ ሰውዬ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሸምኖታል። ለማን እንደሚሆን ያውቅ ነበር?"

"ምን ያውቃል።"

"ያን ቀን ምናልባት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ይሆናል። ምናልባት ምሳው ዘግይቶበታል። ገበያ አወጣው፣ ሄደ። ከዚያው ጥቅል ግማሹን ለጠንቋይ ሸጦ ሊሆንም ይችላል። ኬዚያ፣ ያ ሰውዬ እኮ እግዚአብሔርን አልብሶ ነው የቀበረው፤ ሳያውቅ።"

ኬዚያ ባሏን ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ መንታዎቹ ሲወለዱ እንኳ ሲጨፍር ነው የዋለው። አሁን እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል፤ አይጠርገውምም። እሷም መጽሐፉን ዘግታ ጆንያውን ጎትታ አመጣችና አፉን ፈታችለት።

ከድንኳኑ የቆየ ልብስ ላምጣ ብትለው እምቢ አለ። ባለሙያ አማች ለአማቱ ከቁልል መዝዞ አይሄድም። ጓሮ ካሉት ሙቱባዎች ቀጥ ያለውን መርጦ ገፈፈው፤ ገፎ ሲጨርስ እሷ ቅጠሉን እያቀበለችው ዛፉን ጠቀለሉት። ከዚያ ቱክ ቱክ ቱክ ተጀመረ። ጎረቤት ያሉ ሴቶች ድምፁን ሰምተው "ተመስገን፣ ምሳ ልናበላ ነው" ተባባሉ። ዘካሊያ ግን የመንደሩ ምሳ ትዝ አላለውም። ልጡ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብልጭ ስትል በልጡ ክር ሰፍቶ፣ ስፌቱን ደግሞ በደቃቁ መዶሻ ደብድቦ እስኪጠፋ አስተካከላት። ለሌላ ሰው ቢሆን ተዋት ይል ነበር። ዓርብ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሲቀላ ኬዚያ በመዳፏ ዳሰሰችው። "አባባ ይሄን ቢያዩ፣" አለች፣ "አንድ እንከን ፈልገው ቢያጡ እንኳ ከራሳቸው ይፈጥሩለት ነበር።" ሁለቱም ሳቁ፤ ሀዘን ላይ ሆነው ሳቁ።

ቅዳሜ ቀብሩ ላይ አማቾቹ ሁሉ ይዘው ከመጡት ልብስ ሽማግሌዎቹ የዘካሊያን መርጠው ከሟቹ ገላ ጋር የሚነካካውን አደረጉት። ያ ዛፍ ገፋፊ ብለው የናቁት ሰው ኤራስቶን በእጁ ጠቀለላቸው። ሲጠቀልላቸው፣ የልጅ ገላ እንደሚያለብስ ሰው ጎንበስ ብሎ ጫፉን ከአንገታቸው ሥር አስገባላቸው። የሆነ ነገር በልቡ አለ፤ ምን እንዳለ አልነገረኝም።

ፓስተር ካቴንዴም ለቀስተኛ ሆኖ መጥቶ ነበር። ሲመለሱ መንገድ ላይ ተጠጋው።

"አባቴ፣ የነገውስ ነገር?"

"መዶሻዎቹን አላመጣም፣ ልጄ። ጠንቋዩም ቢመጣ ከእንግዲህ ለምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ለጎጆው ከሆነ አልሸጥለትም። ሥራውን ግን አልተውም። ከተሳሳትኩ እግዚአብሔር ይንገረኝ። የት እንዳለሁ አይጠፋውም፤ ቀኑን ሙሉ የምጮኸው እኔ ነኝ።"

ፓስተሩ እልህ ውስጥ የሚገባ ሰው አይደለም። "ወንበሮቹስ?" አለ።

"እነሱንማ ድምፅ ሳላሰማ መጥቼ እደረድርልሃለሁ።"

እሁድ እውነትም ሄዶ ደረደረ። ባጅም ሰጡት፤ ገልብጦ አንጠለጠለው። ኬዚያ የልጥ ልብሶቹን ሳይለኮሱ ከክምሩ ነጥላ በራሷ ተሸክማ ስትመለስ፣ አንዲት ወሬኛ "ለጌታ የሰጠችውን ቀማችው" አለች። ኬዚያ ዞር ብላ፣ "እሱ ነው የመለሰልኝ፣ ሄደሽ ጠይቂው" አለቻትና መንገዷን ቀጠለች።

ሰኞ ጠዋት ዘካሊያ አዲስ ልጥ ግንዱ ላይ አነጠፈ። ያዘዘው ሰው አልነበረም። ጥርሱ የሰፋውን መዶሻ አነሳና ሳይመታ ቆየ። ኬዚያ ከጓዳ ሆና የምትሰማው ነገር አጥታ በበሩ ብቅ አለች፤ ባሏ ኮፍያውን አውልቆ ልጡን እያየ ያወራል። ጮክ ብሎ አይደለም፤ ጣራም አላንቀጠቀጠም። አጠገቡ ላለ ሰው የሚነግር ይመስላል።

"ለማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣" ይላል። "እኔ እንዳይቀደድ አድርጌ እሠራዋለሁ።"