ዐይን ተጨፍኖ የሚነሳ እጅ

የሮማውን ገዢ አገዳደል ያጠናሁት በስደት በምንኖርበት አገር፣ ጻካኔ የሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሉት የአባቴ ትንሽ ሱቅ ውስጥ፣ የዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። በኮሮና ምክንያት ግቢው ተዘግቶ ትምህርቱ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ብራክፓን ካለው ቤታችን ይልቅ ደግሞ ሱቁ ጋ ኔትወርኩ ይሻላል። አባቴ በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ለደንበኛ ዕቃ እያቀበለ፣ መሃል ላይ ወደ እኔ ዞሮ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይለኛል።

እኔም እነግረዋለሁ። ሰውዬው ጦርነት አሸንፎ መጣ፤ ሥልጣኑ እየገዘፈ ሄዶ ዕድሜ ልኩን ገዢ እንዲሆን ተወሰነለት። ጠላቶቹን ማረ፣ የማራቸውን ሰዎች መልሶ ሾማቸው፣ ጠባቂዎቹን አሰናበተ። በመጨረሻ እነዚያው ሰዎች፣ ወዳጆቹም ጭምር፣ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ከበው በጩቤ ወጉት። ሚስቱ ክፉ ሕልም አይታ እንዳይሄድ ለምናው ነበር። ሊቀርም ነበር እኮ። የሚያምነው ወዳጁ ግን ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ በሕልሟ ቀልዶ ይዞት ሄደ።

"ሞኝ ነው" አለ አባቴ። "ጠባቂውን የሚያሰናብት ምን ዓይነት መሪ ነው?"

እናቴ ከኋላ ስኳር በላስቲክ እየቋጠረች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ "ሞኝነቱስ ሚስቱን አለመስማቱ ነው" አለች።

አባቴም በአቅሙ ገዢ ነበር። በዚያ አካባቢ ስፓዛ ያላቸው የእኛ ሰዎች፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከወላይታ የመጡት ሁሉ፣ አንድ ማኅበር አላቸው፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ እሱ ነው። አንዱ ከሌላው አጠገብ ከፍቶ ገበያ እንዳይሻማ፣ ማን የት ሱቅ እንደሚከፍት ሰብሳቢው ይወስናል። ደንብ ነበር፤ እያደር ግን ደንቡም አባቴ ራሱ ሆኖ አረፈ። አዲስ የመጣ ሰው ዘመዶቹን ሳያይ መጀመሪያ እሱ ጋ መጥቶ እጅ ይነሳል። ልቡ አበጠ። ልጁ ነኝና እናገራለሁ፤ አብጦ ነበር። ግን ደግሞ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሰው የሰውን ሬሳ ሲሸሽ፣ ሆስፒታል ሄዶ ተረክቦ የሚቀብረውም እሱ ነበር። ይህንንም እናገራለሁ።

ከዚያ የዝርፊያው ወሬ መጣ። የውጭ ሰዎች ሱቅ ሊዘረፍ ነው፣ ዛንድስፕሩት የሚባለው ሰፈር ጀምሯል፣ ወደ እኛም እየመጣ ነው ይባል ጀመር። ሁሉም ዕቃውን ጭኖ ከተማ መሃል፣ ጀፕ በሚባለው የንግድ ሰፈር ባለ መጋዘን አስቀምጦ፣ እስኪበርድ ዘወር ማለት ፈለገ። አባቴ እንቢ አለ። "ለቀን ከወጣን ቦታውን ተመልሰን አናገኘውም። ማንም ከሱቁ ንቅንቅ እንዳይል" ብሎ ወሰነ፤ ለአርአያ ደግሞ የራሱን ሱቅ በጠዋት ከፍቶ በምሽት ይዘጋል። አንድ ቀን ሲጋራ የገዛ ወጣት በፍርግርጉ ጠጋ ብሎ፣ በለሆሳስ፣ "አለቃቸው አንተ ነህ አይደል? እንግዲህ መጀመሪያ አንተ ጋ ነው የምንመጣው" አለው። አባቴ መልሱን ቆጥሮ ሰጠው። እናቴ ከኋላ ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም።

"ሰብሳቢነቱን ተውላቸው፤ የሚፈልጉህ ለእሱ ነው" ስትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

እኔ ደግሞ ሁለት ምዕራፍ አንብቤ ነቢይ ሆኜ ነበር። የጠረጠርኩት የአባቴን ሚዜ ነው። አገር ቤት በሠርጋቸው ቀን አጅቦት የቆመ ነው፤ እዚህ ያመጣውም፣ ሱቅ ያስከፈተውም አባቴ ነው፤ እናቴን "እህቴ" ነው የሚላት። ያን ሰሞን ይህ ሰው በየቀኑ መምጣት ጀመረ። ይመጣል፣ ካርቶን ላይ ይቀመጣል፣ መንገዱን ያያል፣ ብዙም አይናገርም። ማኅበሩ ውስጥ "ሰብሳቢ ይቀየር" የሚል ሹክሹክታ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ስለዚያ ትንፍሽ አይልም። ለአባቴ ብነግረው ሳቀብኝ። "አንቺ ልጅ፣ የሮማ ሰው አይደለንም እኮ። ጴንጤ ነን" አለኝ። እኔ ግን ጥርጣሬዬን አልተውኩም።

በመጨረሻ አባላቱ ስለ ሰብሳቢው ለመወሰን ስብሰባ ጠሩ። በስብሰባው ጠዋት እናቴ ስትጸልይ አድራ ዐይኗ አብጧል። አባቴን፣ "ሊነጋ ሲል ሸለብ አድርጎኝ ጌታ በሕልም አሳይቶኛል፤ ዛሬ ከዚህ ቤት አትውጣ" አለችው። እሱም ጫማውን ማሰሩን አቆመ። በዚህ መሃል የሚዜው ባኪ፣ ፒክአፕ መኪናው፣ በሩ ላይ ደረሰ።

"እህቴ፣ ሕልሙን በጸሎት እንመልሰዋለን" አለ ሚዜው ገብቶ፣ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ "ከቀረህ ፈራ ይሉሃል" አለው። አባቴ ጫማውን አስሮ ተነሳ። ያነበብኩት ነገር በቁሙ ሳሎናችን ገብቶ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከረ ነበር።

ስብሰባው ጀፕ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለ መጋዘን ውስጥ ነበር። እናቴ አባል ናት፤ ሱቁ የተከፈተው በእሷ የመኖሪያ ወረቀት ስለሆነ ድምፅ አላት። እኔ የሄድኩት በሩቅ ያሉት አባላት በቪዲዮ እንዲገቡ ስልክ ልይዝ ነው። ሁሉም ማስክ አድርጎ፣ ተራርቆ ተቀምጧል። የሳኒታይዘሩ ሽታ ያፍናል። ሰላምታውም በክርን ነበር፤ የማንም ፊት አይታይም።

በማኅበራችን ከባድ ነገር ሲወሰን ዐይን ተጨፍኖ ነው እጅ የሚነሳው። ወንድም ከወንድሙ እንዳይቀያየም ብሎ ይህን ልማድ ያመጣው ራሱ አባቴ ነው፤ ይኮራበትም ነበር። ዐይኑን የሚከፍተው ፓስተሩ ብቻ ነው። የዚያን ቀንም ፓስተሩ ጸልዮ ሲያበቃ፣ "ሰብሳቢው ይውረድ የምትሉ፣ በጌታ ፊት፣ እጃችሁን አንሱ" አለ። አባቴ ከፊት ወንበር ላይ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ጥርቅም አድርጎ ጨፍኖ ነበር።

እኔ በስልኩ የሚነሱትን እጆች ማየት ስለነበረብኝ አልጨፈንኩም። ቀና ስል እጁ በዝቷል። ወዲያው ሚዜውን ፈለግኩ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ቁጭ ብሏል፤ አላነሳም። ደግሜ አየሁት፤ አላነሳም። ከእሱ ቀጥሎ እናቴ ነበረች። ቀኝ እጇ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል፤ በማስኳ ላይ እንባዋ ይወርዳል። እጁ ከበቂ በላይ ስለነበር የእሷ ባይጨመርም አባቴ መውረዱ አይቀርም ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ውሳኔው ሲነገር አባቴ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብሎ ወጣ። ውጭ ላይ ሚዜው የባኪውን በር ከፈተለት። አባቴ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አንተ ከእንግዲህ ቤቴን እንዳትረግጥ" አለው። ሰውየው እናቴን አያት፤ ከዚያ በሩን መልሶ ዘጋው።

በታክሲ ተመለስን። አባቴ ለመስኮቱ የሚያወራ ይመስል፣ "እጁን ሳላየው አይቼዋለሁ" ይላል። "ያጎረስኩት ሰው እጅ።" እናቴ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች።

"እሱ አላነሳም፤ ዐይኔን ገልጬ አይቻለሁ" አለችው። "ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሬሳህን ከምረከብ ወንበርህን ብትነጠቅ ይሻለኛል።"

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እውነት መሆኑን ፊቴ ነገረው መሰለኝ። ሮቦቱ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ ቀይ ሲሆን ሾፌሩን በሩን አስከፍቶ ወረደ። እኛም ልንወርድ ስንል መንገዱን ተሻግሮ ከሰው ጋር ተቀላቀለ። ቤት አልመጣም።

ማኅበሩ የዚያኑ ዕለት ዕቃውን አውጥቶ ከጻካኔ ወጣ። ዘራፊዎቹ በመጨረሻ ሌላ ሰፈር ገቡ እንጂ እኛ ጋ አልደረሱም፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ይህን ማን ያውቅ ነበር? እናቴና እኔ ስንደርስ በዚያ መንገድ ላይ የተከፈተው የአባቴ ሱቅ ብቻ ነው። የሚዜው ባኪ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ሚዜው ሱቁ ውስጥ ከአባቴ ጋር አድሯል። እናቴ የጓሮውን በር ብትገፋው ከውስጥ ተቆልፏል፤ ብታንኳኳም የሚከፍት የለም። ስለዚህ ዞራ መጥታ ከደንበኞቹ ኋላ፣ ተራርቀው ከቆሙት ሰዎች ጋር፣ ተሰለፈች።

ተራዋ ሲደርስ አባቴ በፍርግርጉ ውስጥ አያት። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ሰላምታ በሚሰጥበት ድምፅ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ "ሳውቦና፣ ማማ" አላት። "ምን ልስጥሽ?"

እናቴ ብረቱን ይዛ ቆመች። ከኋላዋ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ።

"ዳቦ" አለችው።