ፖላንዶቹን «ሩሲያውያን» ያልሁባት ጀልባ

እልል በሉልኝ! ጋሽ ሙሉቀን ትናንት «ከሰኞ ጀምሮ እንግዶቹን ብቻሽን ይዘሽ ትወጫለሽ» አሉኝ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ አስጎብኚ ሆንሁ!

ጋሽ ሙሉቀን በጣና ሐይቅ ላይ እንግዶች የምታመላልሰው ጀልባ ባለቤትም ዋና አስጎብኚም ናቸው። የዛሬ ዓመት ሥራ ስጀምር ድርሻዬ ላይፍ ጃኬት ማልበስና ሰላምታ መስጠት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስድስት ፖላንዶች መጡ። እኔ ብልጧ ከስልኬ የሩሲያ ሰላምታ ሸምድጄ ነበር። ያው ናቸው ብዬ! በሩሲያኛ ሰላም አልሁና «ሩሲያውያን እንግዶቻችን» ብዬ በእንግሊዝኛ ቀጠልሁ።

ስድስቱም እርስ በርስ ተያዩ።

አንድ ሽማግሌ ጃኬታቸውን እየቆለፉ «ልጄ፣ የሩሲያ ነገሥታት አገራችንን ሲገዙ አያቴ ፖላንድኛ በማስተማራቸው ታስረዋል» አሉኝ። እስከ ዘጌ ቀና ብዬ አላየሁም።

ስንመለስ ጋሽ ሙሉቀን ጠሩኝ። «አንቺ፣ የአገርሽን ሰው የማን ልጅ ነህ ሳትዪው ወገን ትሰጭዋለሽ?»

«ኧረ አልሰጥም።»

«ታዲያ ፈረንጅ አባት የለውም? ዳግመኛ ይህን ብትሠሪ፣ ሥራሽ ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው።»

ደብተር ገዛሁ። ስለ ስላቮች፣ ማለትም ስለ ፖላንዶች፣ ስለ ሩሲያውያንና ስለ ዘመዶቻቸው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ቋንቋቸው ከአንድ ግንድ የወጣ ነው። ክርስትናን ሲቀበሉ ግን ፖላንዶች ወደ ሮም፣ ሰርቦች፣ ቡልጋሮችና ሩሲያውያን ወደ ቁስጥንጥንያ አዘነበሉ። ፊደላቸውም በአብዛኛው በዚያው ተለያየ።

ባለፈው ሐሙስ ፈተናው መጣ፤ አንዲት ፖላንዳዊት መምህር፣ አንድ ሰርብና ሁለት ቡልጋሮች በአንድ ጀልባ! ጋሽ ሙሉቀን ከኋላ ቁጭ ብለው ያያሉ። ሞተሩ ሳይነሣ እየዞርሁ፣ አገራቸውን በገዛ ቋንቋቸው ማን እንደሚሉት ጠየቅሁ፤ እንዳሉኝም ጻፍሁ። ሰርቡ ገናን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን እንደሚያከብሩ ነገረኝ። «እንግዲያማ የእኛ ሰው ነህ» አልሁት፤ ሳቀ።

ሐይቁ መሀል ስንደርስ እጄን ውሃው ውስጥ ነከርሁና «ይኼ በቋንቋችሁ ምንድን ነው?» አልሁ።

«ቮዳ!» አሉ አራቱም ባንድ አፍ። ከዚያ ተያይተው ሳቃቸውን ለቀቁት። መምህሯ «ዘመዳሞች መሆናችንን ለመስማት ጣና ድረስ መምጣት ነበረብን?» አለች።

ጋሽ ሙሉቀን ከጀልባ ስንወርድ የሚያስጎበኙበትን ድምፅ ማጉያ ሰጡኝ፤ መልሰውም አልጠየቁኝ።

የሥራዬ ትምህርት ይኼው ነው፦ ሰው ማንነቱን አስቀድሞ ራሱ ይናገር፤ ዝምድናው ኋላ ይቆጠራል።

ሰኞ ጠዋት ወደቡ ላይ ነኝ። ኑ! ከዚሁ ከቅርባችን ከሐሙሲትም ብትመጡ ከሰርቢያ፣ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆናችሁ እጠይቃችኋለሁ።